ስለ ሰባራ ድልድይና ስለ ተንጠልጣይ መሻገሪያ የተደረገ ንግግር



ሐርጌሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለውን ማሮዲ ጄህ የሚባለውን ወንዝ ያውቃል። ማሮዲ በሶማልኛ ዝሆን ማለት ነው። ሶማሌዎች እንዲህ ያለውን ወንዝ ቶግ ይሉታል፤ ይኸውም የዓመቱን የሚበዛውን ቀን አሸዋና ጠጠር ብቻ ሆኖ የሚሰነብት፣ በላይ በኩል ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት ሞልቶ የሚወርድ ማለት ነው። ስለዚህ በኮድቡር ለሚገኙ አድማጮች ወንዝ መንገድን ሲቈርጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ጎርፉ በመጣ ሰዓት ከወዲህ ያለው ከወዲህ፣ ከወዲያ ያለው ከወዲያ ይቀራል፤ መኪና የሚያሳልፈው ድልድይ የራቀበት እግረኛም ውሃው እስኪጐድል ቆሞ ይጠብቃል።

ዳሩ ግን ቶግ ቢቈጣ ቁጣው የሰዓታት ወይም የቀናት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ የሆነው ወንዝ ቁጣው የወራት ነው። እርሱም ዓባይ ነው። በዓባይ ላይ ሰባራ ድልድይ በሚባለው ስፍራ የሆነው ነገር በየትኛውም አገር የወንዝ መሻገሪያን ለሚጠብቅ ሹምና ሕዝብ የሚጠቅም ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ታሪኩን ከነምክንያቱ መናገር ተገቢ ነው። የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ከወደቀ በኋላ ወደ ጥልቅ ገደል ይገባል። ከዚያም ጎጃምን እንደ ቀለበት እየከበበ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ጎጃም ከጥንት ጀምሮ ከቤጌምድርም፣ ከወሎም፣ ከሸዋም በአንድ ወንዝ የተለየ አገር ነበር። በበጋ ውሃው በጐደለ ጊዜ መልካውን የሚያውቅ ሰው ይሻገረዋል፤ ዋናተኛ የሆነውም በተነፋ ስልቻ ላይ ተደግፎ ይቀዝፋል፤ በጣና ላይ ደግሞ የደንገል ታንኳ አለ። ክረምቱ ከገባ በኋላ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ ያለው ደራሽ ውሃ ስልቻም ታንኳም የሚያስጠጋ አይደለም። አዞው ሳይቈጠር ማለት ነው።

በዚህ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመነ መንግሥት በ1626 ገደማ ሲሆን፣ ስፍራውም ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ነው። ያ ዘመን የፖርቱጋል ካህናት በቤተ መንግሥቱ የተሰሚነት ቦታ የነበራቸው ስለ ሆነ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። ቀጥሎ በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ1660 ገደማ፣ ከዚያ በታች በጎጃም በሞጣ በኩልና በቤጌምድር መካከል ሁለተኛው ድልድይ ተሠራ። ይህም ሁለተኛው በድንጋይና በኖራ የታነጸ፣ ወንዙ በዓለት መካከል በጠበበበት ቦታ የተጣለ ባለ ቅስት ድልድይ ነው። ቦታው በጥበብ የተመረጠ መሆኑን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ዓባይን ያህል ወንዝ በድንጋይ ቅስት መዝለል የሚቻለው ዓለት ራሱ ሁለቱን ዳር ባቀራረበበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ ድልድይ ለብዙ ትውልድ የገበያተኛውና የነጋዴው፣ የሠርገኛውና የለቀስተኛው መንገድ ሆኖ ኖረ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ግን የመካከሉ ቅስት ተሰበረ። ያፈረሱት የጠላት ጦር እንዳይሻገር ያሰቡ ዐርበኞች እንደ ሆኑ ይነገራል። አንድ ድልድይ ጠላትን ለማገድ ሲፈርስ የሚያፈርሰው ሰው የሚያስበው ስለዚያ ወር ነው፤ ጠላት በ1941 ከአገር ከወጣ በኋላ ግን ፍራሹ ለባለአገሩ ቀረ፤ ስሙም ያን ጊዜ ሰባራ ድልድይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በዓለም ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም። ሁለቱ የድልድዩ ጉማጆች ከወዲህና ከወዲያ ቆመው በመካከላቸው ባዶ ስፍራ ተከፈተ፤ ከባዶው በታች ዓባይ ይፈስሳል። ሰዎች በሁለቱ ጉማጅ ጫፍ ላይ በቡድን ቆመው ገመድ ይወጥሩና መንገደኛውን በገመዱ ላይ አንጠልጥለው፣ ከዚያኛው ወገን የቆሙት እየጐተቱ ያሻግሩት ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ ዕቃውም እንዲሁ ይጐተታል። ገመዱ ቢበጠስ ወይም የአንደኛው ወገን እጅ ቢላላ ምን እንደሚሆን ለመናገር አያስፈልግም። ደግሞም በዚህ ዓይነት የሚሻገረው ጤነኛና ጐበዝ የሆነ ሰው ነው እንጂ፣ የተጫነ አህያ በገመድ አይሻገርም፤ ምጥ የያዛት ሴትም፣ በቃሬዛ ያለ ሕመምተኛም አይሻገርም። ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ፣ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት፣ ማዶ ያለ ገበያ ለዚህ ሕዝብ በዓይን የሚታይ፣ በእግር ግን የማይደረስበት ነበር። የገመዱን መንገድ የፈራ ሰው ድልድይ ወዳለበት ለመድረስ ብዙ ቀን መዞር ግዴታው ነው።

ሕዝቡ ይህን ያህል ዘመን በገመድ ሲጐተት መኖሩ ስንፍናን አያመለክትም። እንዲያውም በየቀኑ በሁለት ዳር ተከፋፍሎ ቆሞ የማያውቀውን መንገደኛ ክብደት በክንዱ የሚሸከም ሕዝብ የመተባበር ችሎታ የጐደለው አይደለም። የጐደለው ብረትና መሐንዲስ ነበር።

በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ በአሜሪካ አገር የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የሆነ ሰው፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ በሚባለው መጽሔት ውስጥ ይህን የገመድ መሻገሪያ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየ። ብዙ ሰው ያን ሥዕል አይቶ አዝኖ ገጹን ገልጦታል፤ ይህ ሰው ግን ሥራው ግንባታ ስለ ነበረ ክፍተቱን በዓይኑ ለካው መሰለ። በ2002 ከረዳቶቹ ጋር ወደ ስፍራው መጥቶ፣ የብረቱን አካል በክፍል በክፍል ወደ ገደሉ አስወርዶ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በመሆን የተሰበረውን መካከል በብረት አጋጠመው። መኪና የማይደርስበት ስፍራ ስለ ሆነ ዕቃው የወረደው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ነው። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ፣ ትርጓሜውም ድልድይ ወደ ብልጽግና፣ የሚባለው የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅት የተመሠረተው ከዚህ ሥራ ነው፤ በኋላም በሌሎች አገሮች ብዙ ድልድዮችን ሠርቷል። በሰባራ ድልድይ ምክንያት የጀመረ ሥራ ሩዋንዳ ድረስ መድረሱን ብዙ የጎጃም ሰው አያውቀውም።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ዓባይ ከልክ በላይ ሞልቶ ያንን የብረት መጋጠሚያ ነቅሎ ወሰደው። ሕዝቡም ወደ ገመዱ ተመለሰ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ብረቱ የተጣለው በጥንቱ ድልድይ ከፍታ ላይ ነበር። የጥንቱ ድልድይ ከባድ የድንጋይ ክምር ስለ ሆነ ውሃው ቢያጥበውም በክብደቱ ይቆማል፤ ቀላል ብረት ግን በዚያው ከፍታ ላይ ሲገኝ ደራሹ ውሃና ውሃው የሚያመጣው ግንድ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለተኛው መፍትሔ ከውሃው ጋር ከመታገል ይልቅ ከውሃው በላይ መሆን ነበር። በ2009 ከድሮው ድልድይ አጠገብ፣ ከፍ ካለው ዳር እስከ ከፍተኛው ዳር የተወጠረ፣ በብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በመካከሉ አንድም ምሰሶ ወደ ውሃው አይወርድም። ከ1660 ገደማ ጀምሮ ሰው በድንጋይ፣ በጠፍር፣ በብረት የሞከረውን መሻገሪያ በመጨረሻ የያዘው የሽቦ ገመድ ሆነ።

ተንጠልጣይ ድልድይ የሚባለው በሁለት ዓይነት ይከፈላል። አንደኛው በሁለቱ ዳር ረጃጅም ማማዎች ተተክለው፣ ዋናው ገመድ በማማዎቹ ራስ ላይ አልፎ ወርዶ በመሬት ውስጥ የሚታሰርበትና መረማመጃው ከዋናው ገመድ በቀጫጭን ተወራጅ ብረቶች የሚንጠለጠልበት ነው፤ የዚህ መረማመጃ ቀጥ ያለ ነው። ሁለተኛው ማማ የሌለው ሲሆን፣ ገመዶቹ ከዳር እስከ ዳር ተወጥረው መረማመጃው ራሱ በገመዶቹ ላይ ይነጠፋል፤ እንደ ዕቃ መስቀያ ገመድ ወደ መካከሉ ሰርጐድ ይላል። ለገደል አገር፣ ሁለቱ ዳር ከፍ ብለው ለቆሙበት ስፍራ፣ ሁለተኛው ዓይነት ርካሽና ቀላል ነው። በሰባራ ድልድይ የተሠራው ከዚህ ወገን ነው።

የገመዱ ባሕርይ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ነው። ለምሳሌ አንድ ድልድይ ከዳር እስከ ዳር 100 ሜትር ነው እንበል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ የራሱ ክብደትና የሰው ክብደት ተደምሮ 400 ኪሎ ይጫነዋል። ጠቅላላው ጭነት 40 ቶን ነው። ገመዱ በመካከሉ 5 ሜትር ቢሰረጕድ በገመዶቹ ላይ የሚያርፈው አግድም ጉተታ 40 ቶን ሳይሆን 100 ቶን ይሆናል። ስርጕደቱ 10 ሜትር ቢሆን ግን ያው ጭነት የሚጐትተው 50 ቶን ብቻ ነው። ስለዚህ ድልድዩን ለማሳመር ወይም ሰው እንዳይደናገጥ ብሎ ገመዱን ቀጥ አድርጎ የሚወጥር ሰው የገመዱን ሸክም እጥፍ ያደርገዋል። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ስርጕደቱን በሜትር ለክተው የሚያበጁት ስለዚህ ነው። ይህም ጉተታ ሁሉ የሚያርፈው በሁለቱ ዳር በድንጋይና በሲሚንቶ በተቀበረው ማሰሪያ ላይ ነው። መንገደኛው በድልድዩ ላይ ሲሄድ የሚያየው ጣውላውንና መደገፊያውን ነው፤ ሕይወቱን የያዘው ግን የማያየው የተቀበረው ማሰሪያ ነው።

ገመዱ ራሱ አንድ ወፍራም ብረት አይደለም፤ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ተገምደው አንድ የሆኑበት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በምሕንድስና ቋንቋ ሲተረጐም ይኸው ነው። አንዲት ሽቦ ብትበጠስ ሌሎቹ ሸክሟን ይካፈላሉ። ይህ መልካምነቱ ነው። ክፋቱ ደግሞ ከዚያው ይወጣል፤ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ በዝገት እየተበሉ ሲሄዱ ድልድዩ ለዓመታት ምንም ሳይመስል ይቆይና አንድ ቀን የቀሩት ጥቂት ሽቦዎች አንድ ላይ ይወድቃሉ።

ተንጠልጣይ ድልድይ የአውሮፓ ሥልጣኔ ብቻ የወለደው አይደለም። በቲቤትና በቡታን ታንግቶንግ ጊያልፖ የተባለ መነኵሴ በ15ኛው መቶ ዓመት የብረት ሰንሰለት ድልድዮችን አሠርቷል። በቻይና በዳዱ ወንዝ ላይ ያለው የሉዲንግ ድልድይ በ1706 የተፈጸመ ሲሆን፣ 13 ሰንሰለቶች ተወጥረውበት 9ኙ መረማመጃውን ሲሸከሙ 4ቱ መደገፊያ ይሆናሉ፤ ርዝመቱም 100 ሜትር ያህል ነው። በአሜሪካ ጄምስ ፊንሊ ቀጥ ያለ መረማመጃ ያለውን በሰንሰለት የተንጠለጠለ ድልድይ በ1801 ሠራ። በዌልስ ደግሞ ቶማስ ቴልፎርድ የሜናይን ድልድይ በ1826 አስመረቀ። የእግረኛን ድልድይ ከሰንሰለት ወደ ሽቦ ያሸጋገረው ሥራ በ1816 በፊላደልፍያ አጠገብ የተሠራው ሲሆን፣ ብዙ ዕድሜ ባያገኝም ሽቦ ሰውን ሊሸከም እንደሚችል አሳይቷል።

ስለ ድልድዮች መወደስ ይህ ይበቃል፤ ከመወደሳቸው ይልቅ መውደቃቸው የበለጠ ያስተምራል።

በ1831 በእንግሊዝ አገር በብራውተን ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ወታደሮች እግራቸውን አስተካክለው ሲሻገሩ ድልድዩ ከእርምጃቸው ጋር መወዛወዝ ጀመረ። ወታደሮቹ ነገሩ ደስ ስላላቸው እርምጃቸውን አጠበቁት ይባላል። አንድ የማሰሪያ ብሎን ተሰብሮ ድልድዩ ወደቀ፤ ብዙዎች ቢቈስሉም የሞተ አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ወዲህ ወታደር በድልድይ ላይ እርምጃውን ሳያስተካክል እንዲያልፍ አዘዘ። ከ19 ዓመት በኋላ በ1850 በፈረንሳይ በአንዤ ከተማ ሌላ የወታደር ጓድ በማዕበል ቀን ሲሻገር ድልድዩ ወድቆ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ወታደሮቹ እርምጃቸውን እንዳያስተካክሉ ታዝዘው ነበር፤ ሆኖም ነፋሱ ድልድዩን እያወዛወዘ እርምጃቸውን ሳይወዱ አስተካከለው። ዋናው ምክንያት ግን በኋላ ሲመረመር ተገኘ። ገመዶቹ በማሰሪያው ውስጥ በኖራ ተቀብረው ነበር፤ ኖራው ከሽቦው ሲላቀቅ ውሃ ገብቶ ሽቦውን ማንም በማያይበት ስፍራ አዝጎት ነበር። ከዚህ የተነሣ በፈረንሳይ አገር ለብዙ ዓመታት ተንጠልጣይ ድልድይ የሚሠራ ጠፋ።

የወታደር እርምጃ የድሮ ነገር ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር፣ በ2000 በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ የተመረቀውን የእግረኛ ድልድይ ማስታወስ ይበቃዋል። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሕዝብ ሲሻገር ድልድዩ ወደ ጎን መወዛወዝ ጀመረ፤ ሰዎችም ላለመውደቅ ከውዝዋዜው ጋር ሲራመዱ ይበልጡን አበረቱት። በሁለት ቀን ውስጥ ተዘግቶ ማስታገሻ መሣሪያ ተጨምሮበት በ2002 ተከፈተ። ማንም አልተጐዳም፤ ምክንያቱም ሲያስፈራ ወዲያው ተዘጋ።

በሕንድ አገር በጉጅራት በሞርቢ ከተማ የሆነው ግን ሌላ ነው። በማቹ ወንዝ ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት በአገሩ ገዥ ዘመን የተሠራ ታዋቂ የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ነበር፤ የከተማው ጌጥ ነበር። ለጥገና ተዘግቶ ቆይቶ በጥቅምት 2022 እንደ ገና ተከፈተ። ከተከፈተ ከአራት ቀን በኋላ በበዓል ሰሞን በብዙ መቶ የሚቈጠር ሕዝብ ላዩ ላይ ሳለ አንዱ ዋና ገመድ ተበጠሰና 135 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። የተሾመው የመርማሪዎች ጓድ ከ49 ሽቦዎች 22ቱ አስቀድሞ ዝገው እንደ ነበር አገኘ። መረማመጃው በአዲስ ተለውጧል፣ ይኸውም ዓይን የሚያየው ክፍል አምሯል፤ አሮጌው ዋና ገመድ ግን እንዳለ ቀርቷል። በዚያም ላይ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንዲገባ የሚቈጥር አልነበረም። ይህ ጥፋት የብልሃት እጦት አይደለም። የመቊጠርና የመመርመር እጦት ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚነጻጸር በፔሩ አገር በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለ አንድ ድልድይ አለ፤ ስሙ ቄስዋቻካ ነው። ርዝመቱ 28 ሜትር ያህል ሲሆን የተሠራው ከሣር ገመድ ነው። ሣር እንደሚበሰብስ የታወቀ ስለ ሆነ አራት መንደሮች በየዓመቱ በሰኔ ወር ተሰብስበው አሮጌውን ቈርጠው በአዲስ ይተኩታል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የገመዱን ድርሻ ጠምዝዞ ያመጣል። ይህ ልማድ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለ ኖረ ዩኔስኮ በ2013 በሰው ልጅ ቅርስ መዝገብ ጻፈው። በኮሮና በሽታ ጊዜ ስብሰባው ስለ ታጐለ አልታደሰም፤ በመጋቢት 2021 ድልድዩ ራሱ ወደቀ። መንደሮቹም በዚያው ዓመት በሰኔ መልሰው ሠሩት። ከሣር የተሠራ ድልድይ የሚጠብቀው ካለ መቶ ዓመታትን ያልፋል፤ ከብረት የተሠራ ድልድይ የሚጠብቀው ከሌለ በአንድ በዓል ቀን ይወድቃል።

በኢትዮጵያም የገመድ ድልድይ ሥራ በሰባራ ድልድይ ብቻ አልቀረም። የስዊስ ድርጅት የሆነው ሄልቬታስ ቀደም ብሎ በኔፓል የተፈተነውን የእግረኛ ድልድይ ጥበብ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ በአማራ ክልል ጭምር ድልድዮችን አሠርቷል። ኔፓል እንደ ኢትዮጵያ ገደልና ተራራ የበዛባት አገር ናት፤ እስከ ዛሬ ከ10,000 በላይ እንዲህ ያሉ ድልድዮችን ሠርታለች። አንድ የደጋ አገር ከሌላ የደጋ አገር መማሩ ከሜዳ አገር ከሚመጣ ምክር ይልቅ ፈጥኖ መጠቀሙ አያስደንቅም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብም የአላታን ጅረት የሚያሻግር ተንጠልጣይ ድልድይ አለ፤ የውጭ አገር ጐብኚም፣ ገበያ የሚሄደው ባለአገርም በአንድ መረማመጃ ይተላለፉበታል። ለመኪና የተሠሩትን ትልልቆቹን የዓባይ ድልድዮች ማለት በ2008 በጃፓን መንግሥት ርዳታ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የተመረቀውን 303 ሜትር የሆነውንና በ2024 በባሕር ዳር የተከፈተውን 380 ሜትር የሆነውን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ጥበቃና ባለሙያም ተመድቦላቸዋል። የእግረኛው ድልድይ ግን ብዙ ጊዜ ከመንገድ በራቀ ገደል ውስጥ ስለሚገኝ መሐንዲሱ አንዴ ሠርቶት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ማን ነው የሚጠይቀው?

በዚህ ነጥብ ላይ ዝርዝር መናገር ያስፈልጋል። ድልድይ በባሕርዩ የሁለት ወገን ንብረት ነው። በሰባራ ድልድይ አንደኛው ማሰሪያ በጎጃም መሬት፣ ሁለተኛው በጐንደር መሬት ተቀብሯል። አንዱ ወረዳ የብሎን ወጪ ሲጠየቅ ሌላው ይክፈል ማለት ይቀናዋል፤ ሌላውም እንደዚሁ። በዚህ አኳኋን የሁለት የሆነው ድልድይ የማንም ሳይሆን ይቀራል። መድኃኒቱ ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት፣ ሕዝቡ ድንጋይ በሚሸከምበትና ልቡ በሞቀበት ጊዜ፣ ከሁለቱ ዳር እኩል የተመረጡ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ማቋቋምና የጥገናውን ድርሻ በቃለ ጉባኤ ማጻፍ ነው። ሥራው ተመርቆ ከበሮ ከተመታ በኋላ ሲጠየቅ ግን መልሱ ሁልጊዜ ነገ ነው። አንድ የሚያስቅ ነገር፣ የሣሩን ድልድይ የሚያድሱት መንደሮች ይህን ሁሉ ያለ ቃለ ጉባኤ ማወቃቸው ነው፤ ዳሩ ግን እነርሱ ሥራውን ከአባቶቻቸው ተረክበዋል፣ ለሽቦ ድልድይ እንዲህ ያለ አባት ገና አልተገኘም።

ምርመራውም ከባድ ዕውቀት አይጠይቅም። ክረምቱ ካበቃ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት፣ ገመዱ ከማሰሪያው የሚወጣበት ስፍራ አፈርና ቅጠል ተጠርጎ ይታያል፤ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ቦይ ይቀደድለታል። የገመዱን ጫፍ አጥፈው የሚጨብጡት ማሰሪያ ብረቶች ብሎናቸው በቁልፍ አንድ በአንድ ይጠብቃል፤ ገመድ ጭነት ሲቀበል እየቀጠነ ስለሚሄድ በመጀመሪያው ዓመት ብሎኑ መላላቱ የማይቀር ነው። የተበጠሰ ሽቦ በእጅ ጓንት ሲዳሰስ ይወጋል፤ የወጋ ሁሉ ይቈጠራል። የበሰበሰ ጣውላ በአዲስ ይተካል። ከብት በአንድ ጊዜ በመንጋ አይነዳም፤ አንድ በአንድ ይለፍ። በሠርግና በገበያ ቀን በሁለቱ በር ሰው ቆሞ የሚገባውን ይቈጥራል፤ የሚፈቀደውም ቊጥር በሁለቱ ዳር በቀለም በትልቁ ይጻፋል። ከድልድዩ ላይ እየዘለሉ ማወዛወዝ የልጆች ጨዋታ ቢሆንም ይከለከላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዘገባል፤ የተመረመረበት ቀን፣ የመረመረው ሰው ስም፣ የተገኘው ጕድለት፣ የታረመበት ቀን። ደብተሩ ሁለት ሆኖ አንዱ በወዲህኛው ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛው በወዲያኛው ይቀመጣል፤ በዓመት አንድ ጊዜም የሁለቱ ወገን ኮሚቴዎች በድልድዩ መካከል ሳይሆን በአንዱ ዳር ተገናኝተው ሁለቱን ደብተሮች ያመሳክራሉ።